የለቅሶ ድንኳናችንን የባህል በዓል ላደረጉልን ክቡር ኃላፊ

ለረይሃን ሀይ (ወረዳ) ጽሕፈት ቤት
የማኅበረሰብ ማኅበራት፣ የእኩልነትና የእንግዳ ነዋሪዎች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ጊዛ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎን ጤና፣ የቤተ ሰብዎን ደኅንነትና የባልደረቦችዎን ብርታት ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን የምመኘው ለወጉ ብቻ አይደለም፤ ባለፉት አምስት ሳምንታት ሦስት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ኃላፊው ዛሬ ትንሽ አሟቸዋል» ስለተባልሁ ነው። ሕመምዎ የሚነሣው እኔ ማመልከቻ በማስገባበት ቀን ብቻ መሆኑን ስለታዘብሁ፣ በመምጣቴ እንዳላባብስብዎ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ ልጽፍልዎ ወስኛለሁ። ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ።

በአማርኛ ስለጻፍሁም እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። የዐረብኛው ቅጂ ከዚህ ጋር አብሮ መዝገብ ቤትዎ ይገባል። አማርኛውን የመረጥሁት ክፍልዎ በሰባት ቋንቋ ባሳተመው በራሪ ወረቀት ላይ «በቋንቋችሁ ጻፉልን፣ እንሰማችኋለን» የሚል ግብዣ ስላየሁ ነው። እርግጥ የበራሪው አማርኛ እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለተደረደረ ሰባት ሆነን ከመጨረሻው ፊደል ተነሥተን ነው ያነበብነው፤ ቢሆንም ግብዣ ግብዣ ነው፣ አክብሬ መጥቻለሁ። የሰፈራችን ሰው እንዲያነበውም በማኅበራችን ወርኃዊ ጽሑፍ ላይ ይወጣል።

ለገሠ ቢሻው እባላለሁ። በሙያዬ ቀያሽ መሐንዲስ ነኝ፤ በዚህች ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ለክቻለሁ፣ ከፋይሰል መንገድ ጀርባ ባለው በእርስዎ ግዛት ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። የዕድራችንም ጸሐፊ ነኝ። ዕድር ምን እንደሆነ ክፍልዎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ሦስት ጊዜ ስላስረዳሁ አራተኛውን ባጭሩ ልበል፦ ሰው ሲሞትብን አብረን የምንቀብርበትና አብረን የምናለቅስበት ማኅበር ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አለበት፤ ሊቀ መንበራችን ጋሽ ኑሩ ናቸው። አይዘፍንም፣ አይሮጥም፣ ምግብም አይሸጥም።

ባለፈው ወር መግቢያ ላይ የዕድራችን አባል ሥራነሽ በአርባ አራት ዓመቷ በኩላሊት ሕመም ዐረፈች። ሀረም ሰፈር ውስጥ በሦስት ቤቶች ስታጸዳና ልጅ ስትጠብቅ የኖረች፣ ከዓርብ በቀር ጠዋትን በገዛ ቤቷ አይታው የማታውቅ ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ ትታለች፤ ማሪያ ትባላለች፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የተወለደችውም እዚሁ ካይሮ ነው። አባቷ ከሄደ ዐሥር ዓመት ሆነው፤ የት እንዳለ አናውቅም። አሁን የምትኖረው ከዕድራችን አንጋፋ ሴት ከወይዘሮ ከበቡሽ ጋር ነው።

ጉዳዬን ፍለጋ እንዳይደክሙ እዚሁ ላስቀምጠው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ በጽሕፈት ቤትዎ ግንብ ላይ የሰቀሉት የማሪያ ፎቶግራፍ የእናቷ አርባ ሳይደርስ እንዲወርድ። አርባዋ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ፎቶግራፉ እዚያ እንዴት እንደወጣ ዘንግተውት ከሆነ ምስጋናዬንና ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቅጹ።

ሥራነሽን አባሲያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደርጎላት ከቀበርናት በኋላ ለሦስት ቀን የምንቀመጥበት ድንኳን መትከል ነበረብን፤ ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ ስድስት ሰው ከገባ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ይቀራል። የሰፈሩ ግብፃውያን ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲኖርባቸው ሲዋን የሚሉትን ባለ ጌጥ ድንኳን በየጠባቡ መንገድ ላይ ሲወጥሩ ማንንም አይጠይቁም፤ ጎረቤትን «አይክፋችሁ» ማለት ይበቃል። ጋሽ ኑሩም፣ «ተው ለገሠ፣ ለሞት ፈቃድ አይወጣም፤ ሰፈሩን እናስፈቅድና እንትከል» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ልኬቱ ያልተሟላ ነገር የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ፤ የሰው አገር ሰው ያለ ወረቀት ገመድ አይወጥርም ብዬ እሳቸውን ተከራክሬ፣ ስምንት በስድስት ሜትር የሚል ንድፍ ሠርቼ ወደ እርስዎ መጣሁ። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው እኔ ሕግ ላክብር ስላልሁ ነው፤ ይህንንም መቼም አልረሳውም።

በመስኮት የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ነበረች፣ ስሟን ባውቅ ባመሰገንኋት። ለዜጎች በተዘጋጀው የድንኳን ቅጽ ላይ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ የምርጫ ስብሰባም አለ። እኛ ግን የእኩልነት ክፍሉ በልዩ አስተያየት ለእንግዳ ነዋሪዎች ያዘጋጀው የራሳችን ቅጽ አለን፤ በእሱ ላይ ያሉት ሳጥኖች አራት ናቸው፦ የባህል ዝግጅት፣ ሥልጠና፣ የስፖርት ውድድርና የምግብ ባዛር። ለቅሶ የት አለ ብዬ ብጠይቃት ወረቀቱን ገልብጣ አየችውና፣ «ማሌሽ፣ አይክፋዎ ባሽመሃንዲስ፣ በናንተ ቅጽ የለም። ባህሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ ወረቀት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው» አለችኝ። አደረግሁ። ከሥር ባለው መስመር ላይ ግን በጥሩ ዐረብኛ «ለሟች ሥራነሽ የሦስት ቀን የኅዘን መቀመጫ» ብዬ ጻፍሁ። ያችን መስመር ማንም እንዳላነበባት የተረዳሁት በኋላ ነው።

ስለ እኩልነታችን ስላሰቡልን እናመሰግናለን፤ እንግዳ ነዋሪ መጨፈር፣ መሠልጠን፣ መሮጥና ማብሰል እንደሚችል ከቅጽዎ ተረድተናል። መሞት እንዳልተፈቀደለት ሥራነሽ አላወቀችም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉላት።

ሁለተኛ፦ ስለ ጉብኝትዎ።

ድንኳኑ ተተከለ። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ያደረገልንን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ስለ ጉብኝቱ በጻፉት ሪፖርት ውስጥ አላገኘሁትም። ከድንኳኑ ፊት ለፊት የመኪና አካል የሚቀጠቅጠው ሰው ሦስቱን ቀን ሙሉ መዶሻውን አስቀመጠ፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳንጠይቀው አርባ ወንበር አሸክሞ ላከ፤ የሕንፃችን ዘበኛ ሚስት ኡም ካሪም ጥቁር ለብሳ መጥታ ከሴቶቻችን መካከል ተቀመጠች፣ አንድ ቃል አማርኛ ሳትሰማም አብራ አለቀሰች። ለነዚህ ሰዎች ቅጽ የሞላላቸው የለም።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ክቡርነትዎ ሁለት መኪና፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሦስት ካርቶን ኬክና «ብዝኃነታችን ውበታችን» የሚል ጨርቅ ይዘው መጡ። ጨርቁ ከሥራነሽ ፎቶ በላይ ተሰቀለ። በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ከበቡሽ እያስለቀሱ ነበር። ሙሾ ማለት ሟችን እየጠሩ፣ ደረትን እየመቱ የሚወርድ የለቅሶ ግጥም ነው፤ እሳቸው ይሉ የነበረውም ይህ ነው፦

የሰው ቤት አጽድተሽ፣ የሰው ልጅ አጥበሽ፣
የራስሽን ደጃፍ ለማን ትተሽ ሄድሽ።

ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እርስዎ አጨበጨቡ። ዜማውን ተከትለው፣ በመልካም ፈገግታ፣ ከምቱ ጋር ሳይሳሳቱ አጨበጨቡ፤ ባልደረቦችዎም ተከተሉዎ። ወይዘሮ ከበቡሽ ሰባ ዓመት ባለፈው ዕድሜያቸው ብዙ ለቅሶ አስለቅሰዋል፣ ተጨብጭቦላቸው ግን አያውቅም፤ በግጥሙ መካከል ቆሙና ማጨብጨቡ እስኪያበቃ ጠበቁ። ፎቶግራፍ አንሺዎ ነጠላ አዘቅዝቀው የለበሱትን ሴቶች እየዞረ፣ «የባህል ልብሱ ወዲህ ይታይ፣ ትንሽ ፈገግ!» ይል ነበር። እኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው፤ ይህን እንዲያውቁ አልጠብቅም። ያለቀሰ ዓይን ግን በየትኛውም አገር ቀይ ነው።

ያን ጊዜ ኡም ካሪም ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ «ዓይብ! ሀጂ፣ ነውር ነው! ሰው ሞቶባቸው እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። ወጣቱ ረዳትዎ የፈለገችው ነገር ያለ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ቁራሽ ኬክ በወረቀት ሳሕን አድርጎ አቀበላት። እርስዎ በድምፅ ማጉያው መናገር ጀምረው ስለነበር አልሰሙ ይሆናል፤ እንዳልሰሙ ለማመን ብዙ ጥሬያለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ቢሆንም ከእርስዎ ጋር ስለሚያያዝ እዚሁ ይመዝገብ።

ድምፅ ማጉያውን ከእጅዎ መቀበል የሚችል፣ ዐረብኛውም የሚቃናለት ሰው በድንኳኑ ውስጥ እኔ ነበርሁ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ማሪያም አየችኝ። ከእናቷ ፎቶ አጠገብ ቆማ፣ አንድ ነገር እንድናገር ጠበቀች። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ «የባህል ዝግጅት» የሚል ፈቃድ ነበረኝ፤ ለቅሶ ነው ብል ፈቃዱ ሐሰት ሆኖ ድንኳኑ ቀኑ ሳይመሽ ይነቀላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልሁ። እርስዎም «ለባህል ልውውጥ ላደረገው አስተዋጽኦ» የሚል የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ተቀበልሁ፣ እጅዎን ጨበጥሁ፣ ለካሜራውም ፈገግ አልሁ። ሥራነሽ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ በለቅሶዋ ላይ ፈገግ ያለ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱን አሁንም አለኝ፤ ሊወስዱት ከፈለጉ ይላኩብኝ።

አራተኛ፦ ስለ ሥዕሉ።

ቡድንዎ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሄደ። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ግንብ ላይ፣ የፋይሰል ሚኒባሶች ሰው በሚያወርዱበት ፊት ለፊት፣ ትልቅ የፎቶ ሥዕል ተሰቀለ። ለክቼዋለሁ፦ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ከስልሳ ነው። በላዩ ላይ ያለችው ማሪያ ናት፤ ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ፣ አፏ እንደተከፈተ፣ ሁለት እጇ ወደ ላይ እንዳለ። እናቷን እየጠራች ነበር። ከሥሩ የተጻፈው «እንግዶቻችን በደስታ ይዘምራሉ» ይላል።

ሥዕሉን ያዘጋጀው ባለሙያ ጠንቃቃ ሰው መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም። እንባዋን ከሁለቱም ጉንጯ ላይ አጥፍቶታል። ቀያሽ ስለሆንሁ ግን ጠጋ ብዬ አየሁ፤ አንገቷ ሥር ነጠላው ላይ የረጠበውን ረስቶታል። እዚያ ቦታ ጨርቁ ጠቆር ብሎ ይታያል።

ማሪያ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ተራ የሚጠብቁ ጎረምሶች አወቋት፣ «አንቺ ኮከብ! እስቲ አንዴ ዝፈኝልን!» አሏት። በማግሥቱ እጃቸውን እንደ ሥዕሉ ወደ ላይ አንሥተው ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ በኋላ በኩል ትዞራለች፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ነው፣ በየጠዋቱ። ወይዘሮ ከበቡሽ እንደሚሉኝ ቤት ውስጥም ካለቀሰች በኋላ ወደ መስታወት እየሄደች ፊቷን ታያለች። «ሳለቅስ ፊቴ እንዴት ነው የሚያስቀው?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልሱን ክፍልዎ ያውቅ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ፊርማው።

ሥዕሉ ይውረድልን ብዬ በጻፍሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ ጉዳዩ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው ተባልሁ፤ እዚያ ስሄድ ወደ እርስዎ መለሱኝ። በሁለተኛው፣ ማመልከት የምትችለው ባለ ፎቶዋ ናት ተባለ፤ ማሪያ ራሷ መጣች። ዕድሜዋ ስላልደረሰ አሳዳጊዋ ይፈርሙ ተባለች። በሦስተኛው ወይዘሮ ከበቡሽን ይዘን ሄድን፤ እሳቸው በሕግ አሳዳጊ አይደሉም ተባልን። የሚፈለገው የእናት ፊርማ ነው፤ እናትም በአካል፣ ከመኖሪያ ፈቃዷ ጋር እንድትቀርብ።

የሞት ምስክር ወረቀቷን አቀረብሁ። ሠራተኛዎ በጥሞና አነበበና አንድ መዝገብ አወጣ፣ «ባሽመሃንዲስ፣ እናትየው እኮ በዝግጅቱ ላይ ተገኝተው ፈቅደዋል፣ ይኸው» አለኝ። የእኛው የዕድር መዝገብ ቅጂ ነበር። ዕድር ለቅሶ የመጣውንና የቀረውን ይቆጣጠራል፤ በድንኳኑ በር ላይ መዝገብ ይቀመጣል፣ የመጣ ሁሉ ይፈርማል። ከላይ፣ ከሁሉም በፊት፣ የሟች ስም ይጻፋል። ልጆቻችን አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ ስሙን በዐረብኛም እንጽፈዋለን። ሰዎችዎ በጉብኝቱ ቀን ያንን ገጽ ፎቶ አንሥተው «ፎቶ ለመነሣት የፈቀዱ ተሳታፊዎች ዝርዝር» ብለው አስገብተውታል፤ ተሳታፊዎች ሰማንያ ሰባት፣ ተራ ቁጥር አንድ ሥራነሽ።

ስለዚህ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ መሠረት ሥራነሽ በገዛ ለቅሶዋ ላይ ተገኝታ፣ ልጇ ስታለቅስ ፎቶ እንድትነሣ ፈቅዳለች፤ ሐሳቧን ከቀየረች ደግሞ ራሷ መጥታ መፈረም ትችላለች። ሠራተኛዎ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አላህ ይርሐምሃ» አለኝ፤ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። እናም መስኮቱን ዘጋ። ከልቡ እንዳለው አልጠራጠርም። ይህም ከሁሉ የባሰ አሳዘነኝ፤ መሞቷን ያውቅ ነበርና።

ስድስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ስለ ኬኩ ነው። ትቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሌላ ነገር አንጠይቅም። አዳራሽ አልለመንንም፣ ድጎማ አልለመንንም፣ ቅጹም እንዳለ ይቆይ። ግንቡ ባዶ ሲሆን እንደማያምር ይገባኛል፤ የሚስቅ እንግዳ ነዋሪም የሚያስፈልግዎ ከሆነ የማሪያን አውርደው የእኔን ይስቀሉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ካሜራ፣ የምስጋና ወረቀትዎን ታቅፌ ፈገግ ብያለሁ፤ ከፎቶግራፍ አንሺዎ ዘንድ ይገኛል። ፈገግታው የእውነት ነው፣ ምንም ማጥፋት አያስፈልገውም። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፣ በሕይወት አለሁ፣ በተጠራሁ ጊዜ ቀርቤ እፈርማለሁ። ጎረምሶቹ በየጠዋቱ በእኔ ይሳቁ፤ ይገባኛል።

ለሰጡን ትኩረት፣ ለቆዩልን ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ለቋንቋችንም ላሳዩት ከቀኝ ወደ ግራ የሆነ ፍቅር ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣ ማዕርግዎ ከፍ፣ ወንበርዎ ሰፋ፣ ሕመምዎ ቀለል እንዲል ከመመኘት ጋር፣

በተፈቀደልኝ ሳጥን ውስጥ የቆምሁ ታዛዥዎ፣
ለገሠ ቢሻው
የዕድር ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ስሟ ስላለበት ከመላኬ በፊት ለማሪያ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ ባይልኩት አይሻልም? ይቅርታ ሊጠይቁኝ ቢመጡስ? ካሜራ ይዘው ነው እኮ የሚመጡት» አለችኝ። አይመጡም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ፤ «ሥዕሉ ይወርዳል» እያልሁ እስካሁን ከገባሁላት ቃል የጠበቅሁት ስለሌለ ይህንን እንዲያግዙኝ እለምናለሁ። ይቅርታ አያስፈልግም። አንድ ሠራተኛና አንድ መሰላል፣ ከቅዳሜ በፊት፤ ባይናገርም ግድ የለም።